የሃይማኖት ኮሌጅ የመንግሥት በጀት የመጠየቅ መብት አለው? ከመሐል ሜዳ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ነው። ዋና ዋናውን አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ። እኛ የአንድ እምነት ሰዎች ተሰባስበን፣ ከየኪሳችን አዋጥተን ደብረ ብርሃን ላይ ኮሌጅ ልንከፍት ተነሥተናል። ነርሲንግና አካውንቲንግ ይሰጣል፤ ከጎኑ ደግሞ የራሳችን የሃይማኖት ትምህርት አለ። መንግሥት በበጀት እንዲደጉመን ለመጠየቅ አንድ ቢሮ ሄድን። ‹መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው› ብለው በቃል መለሱን። እኛስ ግብር ከፋይ አይደለንም ወይ? ይሄ የሃይማኖት ነፃነታችንን መጣስ አይደለም? አሜሪካን የመሰለ አገር እንኳ የሃይማኖት ኮሌጆችን በገንዘብ ይረዳል ሲባል እንሰማለን።»

ወንድሜ፣ ደህና ከርመናል፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባው። ረጅሙን እስክታነብ ልብህ እንዳይንጠለጠል አጭሩን መልስ አስቀድማለሁ። በጀት ስለተከለከላችሁ ብቻ የሃይማኖት ነፃነታችሁ ተጣሰ አይባልም። የተሰጣችሁ መልስ ግን ጎዶሎ ነው፤ የሕጉን ግማሽ ብቻ ነው የነገሯችሁ። በቃል መመለሳቸው ደግሞ ጭራሽ ልክ አይደለም፣ እሱን ወደ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ። ከሁሉም በላይ አንድ ነገር እንድታስብበት እፈልጋለሁ፤ ገንዘቡን ብታገኙት ኖሮ ከገንዘቡ ጋር ምን አብሮ ወደ ግቢያችሁ ይገባ ነበር?

የትኛው እምነት እንደሆናችሁ አልጻፍክልኝም። ደግ አደረግህ። ኦርቶዶክስ ብትሆኑ፣ ሙስሊም ብትሆኑ፣ ፕሮቴስታንት ወይም ካቶሊክ ብትሆኑ መልሴ አንዲት ቃል መለወጥ የለባትም። እኔ ደብረ ብርሃን ላይ በጥብቅና ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ የቤተ ክርስቲያንም የመስጊድም ጉዳይ ይዤ ችሎት ቆሜአለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ጥያቄ ፍትሐዊ መሆኑን ለማወቅ ያገኘሁት ቀላሉ መንገድ ጠያቂውን ቀይሮ ማየት ነው። ይሄው ድጎማ ለጎረቤታችሁ እምነት ተሰጠ ቢባል እናንተ ቅር አይላችሁም? ካላላችሁ ጥያቄያችሁ ጤነኛ ነው። ካመነታችሁ ግን ቢሮ ከመሄዳችሁ በፊት እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩ።

እስኪ ሕገ መንግሥቱን አብረን እናንብበው። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው አንቀጽ 11ን ነው። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም ይላል። ቢሮው ያነበበላችሁ እስከዚህ ድረስ ነው። ቀጥላ ያለችው ንዑስ አንቀጽ 3 ግን ለእናንተ ትልቅ ናት፤ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ትላለች። ከዚያ አንቀጽ 27 አለ፣ የሃይማኖት ነፃነት። ንዑስ አንቀጽ 2 የሃይማኖት ተከታዮች ሃይማኖታቸውን ለማስፋፋትና ለማደራጀት የሃይማኖት ትምህርት ተቋም ማቋቋም ይችላሉ ይላል። «ይችላሉ» የምትለውን ቃል ልብ በላት። መንግሥት ያቋቁምላቸዋል አላለም። ማንም መጥቶ በራችሁን እንዳይዘጋባችሁ ነው መብቱ የሚጠብቃችሁ፤ የግንባታውን ወጪ ከመንግሥት አምጡ ለማለት ግን አያገለግልም።

ያው ንዑስ አንቀጽ ሲጀምር «በአንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 የተጠቀሰው እንደተጠበቀ ሆኖ» ይላል። ብዙ ሰው ዘሏት ያልፋል። አንቀጽ 90(2) ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽእኖ ነፃ በሆነ መንገድ መካሄድ አለበት የሚለው ነው። የሕግ ሰዎች እዚህ ላይ ይከራከራሉ። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው። ሃይማኖትህን በራስህ ተቋም፣ በራስህ ገንዘብ ስታስተምር 27(2) ይጠብቅሃል። ትምህርቱ የመንግሥት ሲሆን፣ ወይም በመንግሥት በጀት ሲካሄድ ግን 90(2) ይመጣል። እንግዲህ በጀቱን ስትጠይቁ ይቺንም አንቀጽ አብራችሁ ነው የምትጠሩት። ዛሬ በጀት የሰጠ ሰው ነገ መጥቶ «የክፍለ ጊዜ ሠንጠረዡን አሳዩኝ፣ ጠዋት ጸሎት አለ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ መብቱ ነው።

ግብር ከፋይ አይደለንም ወይ ላልከው፣ ናችሁ እንጂ። ግን አልዩ አምባ ያለው አርጎባ ነጋዴም ይከፍላል፣ ሞላሌ ያለው ገብስ አምራችም ይከፍላል፣ አረርቲ ላይ ጤፍ የሚያመርተውም እንደዚያው። ሁሉም አንድ ካዝና ውስጥ ይገባል። አንቀጽ 41(3) ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት አለው ይላል። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የዚህ ምሳሌ ነው፤ ልጅህ ሲገባ ሃይማኖቱ ምን እንደሆነ አይጠየቅም። የግብራችሁ መልስ በዚያ በኩል ይመጣል።

ነገሩ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም፣ ታሪኩንም ማወቅ አለብህ፣ ምክንያቱም ለእኔ ከአንቀጾቹ ሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው እሱ ነው። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን እንደሆነችና በመንግሥት እንደምትደገፍ በግልጽ ይናገር ነበር። የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅ በዚያ ዘመን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ። ነገረ መለኮት ከሕግና ከምሕንድስና ጋር በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይሰጥ ነበር ማለት ነው። ያኔ ይሄን የጠየቀ ሰው «ኧረ ይሄማ ለዘላለም የተደላደለ ነገር ነው» ይባል ነበር። ከዚያ አብዮቱ መጣ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያኒቱን ሰፊ መሬት ወሰደው። ኮሌጁም በደርግ ጊዜ ተዘጋ። እንደገና የተከፈተው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። በመንግሥት እጅ የቆመ ነገር፣ መንግሥቱ ሲለወጥ ምን እንደሚሆን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሯት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን። ለቤተ ክርስቲያን ያደረጉትን የሚክድ የለም፤ አሠርተዋል፣ አጽፈዋል፣ ሰጥተዋል። በዚያው ዘመን ግን ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉት መነኮሳት በንጉሡ ፍርድ ተሠቃይተዋል፣ ተወግረዋል። እነሱም ክርስቲያኖች ነበሩ፣ መነኮሳት ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን የሚያሠራው ንጉሥ የትኛው መነኩሴ ልክ እንደሆነም ፈራጅ ሆነ። ይሄን የማነሣው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። እምነት ከቤተ መንግሥት ጋር በገንዘብ ሲተሳሰር ፍርዱም እዚያው እንደሚሄድ እንድታይ ነው።

በእኛ ዘመንም አለ። በ2004 ዓ.ም. አዲስ አበባ አወሊያ ትምህርት ቤት ላይ የተነሣው የሙስሊሞች ጥያቄ ዋናው ነገሩ «መንግሥት በሃይማኖታችን ጣልቃ ገባ» የሚል ነበር። ስንት ሰው ታሰረ፣ ስንት ቤተሰብ ተጨነቀ። ያ ሁሉ የሆነው በመንግሥት በጀት በማይተዳደር ትምህርት ቤት ዙሪያ ነው። በጀት ቢመድብበት ኖሮ «ገንዘቤ የሚሄድበትን ልወቅ» የሚል ተጨማሪ ምክንያት ይኖረው ነበር።

አንድ ለየት ያለ ምሳሌም ልጨምርልህ። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያደራጁትና የመሩት ጀስዊት የሚባሉት የካናዳ ካቶሊክ ካህናት ናቸው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ቀጠሯቸው፤ ግን የክህነት ልብሳቸውን አውልቀው፣ ሃይማኖታቸውን ሳይሰብኩ፣ ሒሳብና ሳይንስ ሊያስተምሩ ነው። እነሱም ተስማሙ። መንግሥት የእምነት ሰዎችን አሠርቶ የከፈለው ለሥራቸው ነው፤ ለስብከት አልከፈለም። ይቺን ያዝልኝ፣ ወደ ኋላ ላይ ትጠቅመናለች።

በሌላ በኩል ደግሞ በጀት የሚባል ነገር ሳያውቁ የኖሩትን አስብ። አንተ የመንዝ ልጅ ነህ፣ ይሄን ለአንተ መንገር አያስፈልገኝም። ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ ደበሎ የለበሰ ልጅ አኩፋዳውን አንግቶ በር ላይ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ ውሻው ሲጮህበት፣ እናትህ ውሻውን ገሥጻ እፍኝ ቆሎ ወይም ከትናንት ያደረ እንጀራ ስትሰጠው አይተሃል። ያ ልጅ ዜማ፣ ቅኔ፣ መጻሕፍት እያለ አሥርና ከዚያ በላይ ዓመት ይማራል። በይፋት በኩል ደግሞ ደረሳው ከሼሁ ዘንድ ኪታብ ይቀራል፤ የሚያበላው የመንደሩ ሰው ነው። መሬት ተወረሰ፣ ኮሌጅ ተዘጋ፣ መንግሥት ተቀያየረ፣ እነዚህ ቤቶች ግን ቀጠሉ። ጉባኤ ቤቱን ያቆመው የዚያች እናት እፍኝ ቆሎ ነው፤ ማንም ሚኒስትር በደብዳቤ ሊቆርጠው አይችልም። ችግሩ እንደሌለ አድርጌ አላወራም። ልጆቹ ይራባሉ፣ ይታመማሉ፣ ዘመናዊ ትምህርት ያመልጣቸዋል፤ አሥር ዓመት ተምሮ የመጣው ልጅ የሥራ ማመልከቻ ላይ «የትምህርት ደረጃ» የሚለው ሳጥን ፊት ሲቆም የሚጽፈው ያጣል። ይሄ ያንገበግበኛል። ግን የነፃነታቸው ዋጋ ያ እፍኝ መሆኑን ደግሞ አልረሳም።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሂድ፣ እሱን ስላነሣህ። የሰማኸው ውሸት አይደለም፣ ግን ታሪኩ ጠመዝማዛ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በ1963 ለኮሌጆች ሕንፃ ማሠሪያ ገንዘብ የሚሰጥ ሕግ ወጣ፣ የሃይማኖት ኮሌጆችም ገቡበት። ሁኔታው ሕንፃው ለአምልኮ ወይም ለሃይማኖት ትምህርት እንዳይውል ነበር። ኮኔቲከት ውስጥ ባሉ አራት የካቶሊክ ኮሌጆች የተነሣ ክስ ቀረበና በ1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ድጎማውን አጸደቀው፤ የተሠራው ቤተ መጻሕፍት፣ የሳይንስ ሕንፃና የመሳሰለው ነውና። ሕጉ ክልከላው ከ20 ዓመት በኋላ ያበቃል ይል ነበር። እሷን ፍርድ ቤቱ ሰረዛት። በመንግሥት ገንዘብ የተሠራው ቤተ መጻሕፍት ከ20 ዓመት በኋላም ጸሎት ቤት አይሆንም ማለት ነው።

ሌላው መንገድ ገንዘቡን ለተማሪው መስጠት ነው። መንግሥት ለድሃ ተማሪ የትምህርት እርዳታ ይሰጣል፣ ተማሪው ደግሞ እውቅና ያለውን ኮሌጅ ራሱ ይመርጣል፣ የሃይማኖትም ቢሆን። አብዛኛው የሰማኸው ገንዘብ በዚህ በኩል የሚሄድ ነው። እዚህም ላይ ክርክሩ አላለቀም። በዋሽንግተን ግዛት አንድ ዓይነ ስውር ሰው ለአካል ጉዳተኞች በሚሰጠው እርዳታ ፓስተር ለመሆን ልማር አለ። ግዛቱ ከለከለው። በ1986 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እርዳታው ቢሰጠው የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አይከለክልም አለ፤ ሁሉም ዳኞች በአንድ ድምፅ። ጉዳዩ ወደ ግዛቱ ሲመለስ ግን የግዛቱ ፍርድ ቤት በራሱ ሕገ መንግሥት መሠረት መልሶ ከለከለው። እንደገና በ2004 ያው ግዛት በውጤቱ ነፃ የትምህርት ዕድል ላገኘ ተማሪ «ለአገልጋይነት የሚያበቃ ነገረ መለኮት ልማር ካልክ አንከፍልም» አለ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም 7 ለ 2 ይችላል ብሎ ፈረደ። በ2022 ደግሞ ነገሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። ሜይን ግዛት ለግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚከፍለውን ክፍያ ለሃይማኖት ትምህርት ቤቶች ብቻ መከልከሉ የሃይማኖት ነፃነትን ይጥሳል ተባለ። ለሌሎች የግል ትምህርት ቤቶች ካልከፈልክ ለእነሱም አለመክፈል ትችላለህ፤ ለሌሎቹ ከፍለህ እነሱን በሃይማኖታቸው ምክንያት ብቻ ማስቀረት ግን አትችልም። የአሁኑ መስመር በግርድፉ ይሄ ነው።

ከአሜሪካ ታሪክ ለእናንተ የምመርጠው ግን የግሮቭ ሲቲ ኮሌጅን ነው። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ያለ የክርስቲያን ኮሌጅ ነው። ራሱ ከመንግሥት ሳንቲም አይቀበልም ነበር። ተማሪዎቹ ግን የመንግሥት እርዳታ ይዘው ይመጡ ነበር። መንግሥት «እንግዲያው የእኔን የፆታ እኩልነት ደንብ እንደምታከብሩ ፈርሙ» አለ። ኮሌጁ «አድልዎ አናደርግም፣ ግን አንፈርምም» ብሎ ተከራከረ። በ1984 ፍርድ ቤቱ ተማሪዎቹ ከወሰዱ ኮሌጁም እንደተቀበለ ይቆጠራል ብሎ ፈረደ። ኮሌጁ ከዚያ ወዲያ የመንግሥትን የተማሪ እርዳታ ጨርሶ ተወው፣ ተማሪዎቹንም ከግል ለጋሾች በሚያሰባስበው ገንዘብ መርዳት ጀመረ። ቦብ ጆንስ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በሃይማኖት ስም ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች እንዳይጠናኑ ይከለክል ነበር፤ በዚህ የተነሣ ከፌዴራል ግብር ነፃ መሆኑን ተነጠቀ፣ በ1983 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አጸናው። ይሄኛው የሚገባው ነበር ብዬ አምናለሁ። ብቻ ሁለቱም የሚያሳዩት አንድ ነገር ነው። በበጀትም ይምጣ ከግብር ነፃ በማድረግ፣ የመንግሥት ድጋፍ ጥያቄ አስከትሎ ነው የሚመጣው።

ወደ እኛ ስመለስ፣ በእጃችሁ ያለው ጠንካራ ነገር እኩልነት ነው። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳንን ተቀብላለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረት እንዲህ ያለ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ይሄን ቃል ኪዳን የሚከታተለው ኮሚቴ የተናገረው ግልጽ ነው። መንግሥት የግል ተቋማትን በገንዘብ የመደገፍ ግዴታ የለበትም፤ ልደግፍ ካለ ግን ያለ አድልዎ መሆን አለበት። ለዚህ የታወቀው ጉዳይ የካናዳው ነው። ኦንታሪዮ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶችን ወጪ ትሸፍናለች። አንድ አይሁዳዊ አባት ግን ልጆቹን በራሱ እምነት ትምህርት ቤት ከኪሱ እየከፈለ ያስተምር ነበር። ጉዳዩን ወደ ተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ ወሰደው፣ በ1999 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አድልዎ ነው ተብሎ ተፈረደለት። ኮሚቴው ለእሱ ትምህርት ቤት ክፈሉ አላለም። ለአንዱ ከከፈላችሁ ሌላውን በምን ምክንያት ታስቀራላችሁ ነው ያለው። የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 በሃይማኖት ልዩነት ማድረግን ይከለክላል።

ስለዚህ «በጀት ስጡን» የሚለውን ተዉትና ሌላ ጥያቄ ጠይቁ። ከእኛ ጋር ለሚመሳሰል ተቋም መንግሥት ምን ሰጥቷል? መሬት ሰጥቷል? በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ለአምልኮ ስፍራና ለትርፍ ላልቆመ የማኅበራዊ አገልግሎት ተቋም ያለ ጨረታ፣ በምደባ ቦታ የሚሰጥበትን በር ከፍቶ ነበር። ዛሬ ሥራ ላይ ያለውን ደንብና መመሪያ ከከተማው መሬት ቢሮ ጠይቃችሁ ውሰዱ። ለሌላ እምነት ወይም እምነት ለሌለው ማኅበር በዚያ መንገድ ተሰጥቶ ለእናንተ «ሃይማኖት ስለሆናችሁ» ከተባለ፣ ያኔ እውነተኛ አቤቱታ አላችሁ። በፈቃድ አሰጣጥም እንዲሁ ነው። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለሌላው የግል ኮሌጅ ያላስቀመጠውን መሥፈርት ለእናንተ ካስቀመጠ ተቃወሙ። ያው መሥፈርት ከሆነ ግን አሟሉ፤ የነርሲንግ ቤተ ሙከራ ጎድሎ «እምነታችን ስለሆነ ነው» ማለት አያዋጣም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይቀመጣል፣ የእናንተም ልጆች በዲግሪ ካስተማራችሁ ይቀመጣሉ፤ በደረጃ ከሆነ ደግሞ ሲኦሲ የሚባለው የሙያ ብቃት ምዘና አለ።

በቃል የተሰጣችሁን መልስ አትቀበሉት። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አድርገህ ሂድ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገባ፣ በቀሪው ላይ ቀኑንና ቁጥሩን አስጽፈህ ማኅተም አስመታበት። ያቺ ማኅተም ያለባት ወረቀት ከሌለች እኔም ሆንኩ ማንም ጠበቃ ምንም ማድረግ አይችልም። የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከሆነ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያዛል፣ ቅር ያለውም ፍርድ ቤት ማስከለስ ይችላል። ከዚያ ውጭ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፣ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አለ። ሁለቱም አቤቱታ ሲቀበሉ ገንዘብ አይጠይቁም።

አሁን ደግሞ ከልቤ የምመክርህ። ሁለቱን ነገሮች ለዩ። ለምን እንደምል ልንገርህ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሦስት ሽማግሌዎች አንድ ወፍራም ደብተር ይዘው ቢሮዬ መጡ። የአንድ የእምነት ማኅበር ማሠልጠኛ ኃላፊዎች ናቸው። የውጭ ለጋሽ ድርጅት ገንዘቡን አቋርጦባቸው ነበር። ደብተሩን ገልጬ አየሁት። ንጹሕ ሰዎች ናቸው፣ ሳንቲም አልጠፋም፣ ጽሕፈቱ ያምራል። ግን በአንዱ ገጽ ላይ የላቦራቶሪ ጓንት ተጽፎ ከሥሩ ጧፍ አለ፣ ከጧፉ ሥር የአስተማሪ ደመወዝ፣ ከዚያ ለበዓል የታረደ በግ፣ ከዚያ የተማሪ ክፍያ ገቢ፣ ከዚያ ስለት። ለጋሹ «የእኔ ገንዘብ ጧፍ ገዝቷል ወይስ ጓንት?» ብሎ ጠየቀ። መልስ አልነበራቸውም። አልሰረቁም፣ ግን ማስረዳት አልቻሉም። አንደኛው ሽማግሌ መነጽራቸውን አውልቀው ደብተሩን በእጃቸው እየደባበሱ «ልጄ፣ እኛ እኮ ሁሉንም ለእግዚአብሔር ብለን ነው» ያሉኝን አልረሳውም። እውነታቸውን ነበር። ማሠልጠኛው ግን ተዘጋ።

እናንተ ከመጀመሪያው ሁለት ቤት አቁሙ። የሃይማኖት ትምህርቱ በእምነት ተቋማችሁ ሥር ይሁን፤ ገንዘቡ ከአሥራት፣ ከስለት፣ ከዘካ፣ ከመዋጮ ይምጣ፣ ምን እንደሚማር፣ ማን እንደሚያስተምር፣ ማን እንደሚገባ የምትወስኑት እናንተው ብቻ። እዚያ ውስጥ ማንም እጁን አያስገባ። ነርሲንጉና አካውንቲንጉ ደግሞ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት፣ የራሱ ቦርድ፣ የራሱ የባንክ ሒሳብ፣ የራሱ ኦዲተር ይኑረው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማት ኮሚሽኗን፣ መካነ ኢየሱስም የልማት ክንፏን ለብቻ ያቋቋሙት በዚሁ አስተሳሰብ ነው። በዚህኛው ቤት በር ላይ የማንም ልጅ ሃይማኖቱ አይጠየቅ። የሃይማኖት ክፍለ ጊዜም ግዴታ አይሁንበት፤ አንቀጽ 27(3) እምነትን በኃይል ወይም በሌላ ማስገደጃ መገደብን ይከለክላል፣ ዲፕሎማ ይዞበት ጸሎት ግባ ማለት ለእኔ ማስገደድ ነው። የሸዋ ሮቢት ሙስሊም ልጅና የሳላ ድንጋይ ኦርቶዶክስ ልጅ አንድ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው መርፌ መውጋት ቢማሩ ከእምነታችሁ የሚጎድል ነገር የለም። ሲመረቁ የሁለቱንም እምነት እናቶች የሚያዋልዱት እነሱ ናቸው።

እንዲህ ስትሆኑ ነው የመንግሥት ገንዘብ ጥያቄም መልክ የሚይዘው። ጀስዊቶቹን አስታውስ። ድጎማ ብላችሁ አትጠይቁ፤ አገልግሎት ሽጡ። ለዞኑ ጤና መምሪያ «በየጤና ኬላው ያሉ ሠራተኞቻችሁን በዚህ ዋጋ እናሠለጥንላችኋለን» በሉ። ከመንግሥት ሆስፒታል ጋር የተግባር ልምምድ ውል ግቡ። ወሊሶ ያለው የቅዱስ ሉቃስ የካቶሊክ ሆስፒታል ከመንግሥት ጋር ተዋውሎ ለሁሉም ሰው አገልግሎት የሚሰጥ ነው፤ መስቀሉን አላወረደም፣ በሽተኛውንም ማን ነህ አይለውም። ውል ላይ የሥራው ዓይነት፣ ዋጋውና ጊዜው ተጽፎ ይቀመጣል። መንግሥት ኦዲት ላድርግ ቢል የሚያየው የዚያን ሥራ ሒሳብ ብቻ ነው። ውሉ ነገ ቢቋረጥ የምታጡት አንድ ሥራ ነው፤ የሃይማኖት ትምህርት ቤታችሁ ለዚያ ቀን አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ አይጎድልበትም።

ከአባሎቻችሁ አንዳንዱ ይሄን ሲሰማ ቅር እንደሚለው አውቃለሁ። «ኮሌጁን የምንከፍተው እኮ ለእምነታችን ነው፣ በሩን ለሁሉም ከከፈትን ምኑ የእኛ ሆነ?» ይላል። ያ ሰው የሚለው ስህተት አይደለም። ለራሳችን ሰው ብቻ ማለት መብታችሁ ነው፣ ለሃይማኖት ትምህርቱ በተለይ። ግን እንደዚያ ከወሰናችሁ የመንግሥትን ካዝና አትመልከቱ። ሁለቱን አንድ ላይ መፈለግ ነው የማይሆነው። ስብሰባ ጥሩና በዚህ ላይ ብቻ ተነጋገሩ፣ የሕንፃ ፕላን ከመሠራቱ በፊት።

ስትጨርሱ የመተዳደሪያ ደንባችሁን ረቂቅ፣ የአባላቱን ስብሰባ ቃለ ጉባኤና ማኅተም የተመታበትን ማመልከቻ ይዘህ ደብረ ብርሃን ውረድ። ማመልከቻው ላይ መልስ ካልሰጡህ ያንንም የቀጠሩህን ቀን እየጻፍክ ያዝ። እኔ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ችሎት የለኝም፣ ቢሮ አገኝሃለሁ።